ስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ

ጊታር ጠጋኙ መነጽር እንደሚያስፈልገው ከራሱ በቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ሲያነብ ወረቀቱን በክንዱ ልክ ያርቃል፤ ክንዱ አልበቃ ሲለው ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል። አንድ ሰኞ ግን ጊታር አንገት ላይ የሚተከለውን ቀጭን ብረት አጣሞ ተከለው። ጊታሩ ሲሞከር ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸ። የወርክሾፑ ባለቤት አክስቱ ናት። ቫርኒሽ የምትቀባበትን ጨርቅ ከእጇ ሳትጥል በሩን አሳየችው።

«ዛሬ መነጽር ሳታዝ ከተመለስክ፣ ነገ የምሰጥህ መጥረጊያ ነው።»

«አክስቴ፣ ትንሽ ነው እኮ የተጣመመው።»

«ትንሽ የተጣመመ ጊታር አላውቅም። ሂድ!»

ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። ሌላው ሰው በዓይኑ አይቶ ይወዳል፤ የኛ ሰው ዓይኑን ሊያሳክም ሄዶ በጆሮው ወደደ።

ሐኪሙ መርምሮ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠው። ወረቀቱን ይዞ እዚያው ሕንፃ ሥር ወዳለው መነጽር ቤት ወረደ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ፍሬም ተደርድሮበታል። ከባንኮኒው ኋላ ትንሽ መስኮት አለች። ከመስኮቷ ወዲያ የሌንስ መቁረጫ ማሽን ያጓራል፤ ከማሽኑ ድምፅ ሥር ደግሞ አንዲት ሴት ታንጎራጉራለች።

ዜማው አጭር ነው። ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ይመለሳል። ሳያውቀው ጣቱ ባንኮኒው ላይ ይመታ ጀመር። አራት አራት ምት እየሆነ ስምንት ጊዜ ሄደና አለቀ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ።

ማሽኑ ሲቆም ዜማውም ቆመ። መስኮቷ ላይ አንድ ፊት ብቅ አለ፤ የሥራ መነጽሯን ወደ ግንባሯ የገፋች፣ ጉንጯ ላይ ነጭ የሌንስ ብናኝ ያረፈባት ልጅ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ያ ዜማ ምንድን ነው?» አላት። የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ ረስቶታል።

«የቱ ዜማ?»

«አሁን ሲሉት የነበረው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ከደነች። «ይሰማል እንዴ? ማሽኑ የሚሸፍነኝ መስሎኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲሰማኝ ኖሯል ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ። እኔ የመጣሁት ዛሬ ነው።»

ሳቀች። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «ግራ ዓይንዎ ከቀኙ በጣም ይለያል።»

«እንግዲያው እግረ መንገድዎን ግራውንም እንደ ቀኙ ያድርጉልኛ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ አይሻልም?»

ይህን ያለው ወሬውን ለማርዘም ነበር። ልጅቷ ግን ሳቋ ጠፋ።

«እኔ ቁጥር አልነካም» አለች። «ቁጥሩ ለኔ እንግዳ ሊመስለኝ ይችላል። ከተጠራጠርኩ ሐኪሙ ጋ ደውዬ እጠይቃለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስም። እኔ እዚህ ትንሽ ባሳምር፣ አንድ ሰው እዚያ ደረጃ ሲወርድ እግሩን አየር ላይ ያሳርፋል።»

እሱም በሆዱ፣ ይቺስ ሰው ናት፣ አለ።

መነጽሩን ሊወስድ የተመለሰ ዕለት አፍንጫው ላይ አስተካክላ ያስቀመጠችለት እሷ ነበረች። ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ አጥርቶ ያየው ነገር የሷ ፊት ሆነ። ቀኝ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ዓይኖቿ ሥራ እንዳበዛ ሰው ደከም ያሉ ናቸው፤ ሲስቁ ግን ድካሙ የት እንደሚገባ አይታወቅም። እሱ ደንዝዞ ቀረ።

«አልተስማማዎትም?»

«ኧረ ተስማምቶኛል። በጣም ነው የሚታየኝ።»

ሥራው ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ነገራት። ያኔ የመነጽር መወልወያውን ጨርቅ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት?» አለች በመጨረሻ። «ያ የሰሙት ዜማ የቤታችን ነው። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሲያዩት በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን እንደ ሕፃን ቀጭን ነበር። እናቴ ደግሞ ተቃራኒው ናት፣ ቁመቷ እዚህ ድረስ፣ ድምጿ ጎርናና። ከራት በኋላ አባቴ ዕቃ ያጥባል፣ እናቴ ታለቀልቃለች፣ እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ አደርቃለሁ። ያን ጊዜ ነው ዜማው የሚመጣው። ግጥም የለውም፣ ስምም የለውም።»

«አሁንስ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እሱ ተረፈ፤ ድምፁ ሄደ። አሁን በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። እሱ ሲያቆም እናቴም አብራ አቆመች። ዕቃው ይታጠባል፣ የሚሰማው የቧንቧው ውኃ ብቻ ነው።» ጨርቁን አስቀመጠችው። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ከተጋቡ አርባ ዓመት ይሞላቸዋል። ጊታር ነክቼ አላውቅም። ግን ያን ዜማ አንድ ሰው ወደዚያ ቤት ካልመለሰው ጠፍቶ መቅረቱ ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ምንም የማታውቅ ሴት ልትጫወተው በምትችል መንገድ ይሠሩልኛል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያመነታ ነበር። እሱ «ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሥራ በኋላ» አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ሁለት መንገድ ከተሻገረ በኋላ ነው አቅጣጫውን እንደሳተ ያወቀው።

ወርክሾፑ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ጊታሮች ከጣሪያው አንገታቸውን ታስረው ይንጠለጠላሉ፤ ሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። አክስቲቱ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ወንበር ሳበችላት፣ ከዚያ ስም አወጣችላት። «ዓይናማዋ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ሌላ ስም አልነበራትም።

«በሉ፣ መጀመሪያ ቤቱን እንፈልግ» አለ ጠጋኙ። «ማንኛውም ዜማ ቤት አለው፤ ዞሮ ዞሮ የሚገባበት ድምፅ ማለቴ ነው።»

እሷ ታንጎራጉራለች፤ እሱ ወፍራሞቹን ክሮች እየመታ ይከተላታል። አንዱን ሲመታ ፊቷ ይጨፈግጋል፣ ሌላውን ሲመታ ይፈታል። የተማረውን ሁሉ ትቶ ከፊቷ ያነብ ነበር ማለት ይቻላል። በመጨረሻ አምስተኛው ክር ላይ ሲደርስ ትከሻዋ ወረደ።

«እሱ ነው!» አለች።

«ጥሩ። አምስተኛው ክር ቤት ይሁን፤ ዶ እንበለው። አራተኛው ጎረቤት ነው፣ ትንሽ ወጣ ብሎ ለመመለስ። ስድስተኛው ደጃፍ ነው፣ ደጃፍ የደረሰ ሰው ደግሞ ካልገባ አያርፍም። ለዚህ ዜማ ሦስቱ ይበቁታል። ሦስቱም በባዷቸው ስለሚመቱ ግራ እጅዎ ስለነሱ አያስብም፤ በቀጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ብቻ ይከተላል።»

«ማለት ከቤት ተወጥቶ፣ ጎረቤት ተደርሶ፣ ደጃፍ ላይ ትንሽ ተቁሞ መግባት?»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

«ይሄማ የእናቴ የቅዳሜ ውሎ ነው!»

አክስቲቱ ከጥግ ሆና ሳቀች፤ ቫርኒሹ ላይ የጣቷ አሻራ ቀረበት።

ዜማውን ስምንት ቦታ ከፈለው። ከእያንዳንዱ ሥር የትኛው ወፍራም ክር እንደሚመታ፣ ከላይ ደግሞ ጣቷ የትኛው ክር፣ ስንተኛው ብረት ላይ እንደሚያርፍ በቁጥር ጻፈላት። ኖታ አታነብም፤ ቁጥር ግን ሥራዋ ነው። ወረቀቱን እንደ ሐኪም ማዘዣ በሁለት እጇ ተቀበለችው።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ክሩ ያቆሰለውን ጣቷን ልትነፋ እጇን ወደ አፏ ስትወስድ፣ እሱ ቀድሞ ያዘውና አልኮል የነካ ጥጥ አረገበት።

«ቀስ በል፣ አቃጠልከኝ እኮ!» አለችው።

እርስዎነቱ ከመካከላቸው መቼ እንደወጣ አላዩትም። እሱ የአልኮሉን ብልቃጥ ከደነ፣ ከፈተ፣ ከደነ።

«ይቅርታ» አለች፣ «አምልጦኝ ነው።»

«አትመልሺው» አላት።

አልመለሰችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓርብ ከማክሰኞ ራቀበት። ረቡዕና ሐሙስ ምንም የማይረቡ ቀናት ሆኑ። እሷም ብትሆን ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ቆሞ ስታንጎራጉር መያዝ ጀመረች። ወርክሾፑ ውስጥ የሞከረችው ሁሉ ሆነላት፤ አንድ ነገር ብቻ አልተሳካላትም። እሱን ማዘፈን አልቻለችም።

«አብረኸኝ በለው» ትለዋለች።

«ጊታር የያዝኩት ለምን ይመስልሻል? የኔ ድምፅ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው።»

«እውነቱን ነው» ትላለች አክስቲቱ። «ትንሽ ሆኖ ሲዘፍን ውሾች ይጠፉ ነበር።»

ጥፋቱ የመጣው ከመጨረሻዋ ድምፅ ነው።

ዜማው በልጅቷ አፍ ሲያልቅ ዶ ላይ አያርፍም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፤ ከቤቱ ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ ሚ ላይ ይቆማል። ቤት ገብቶ እንዳልተቀመጠ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ጠጋኙ ደጋግሞ መታው፤ አላስደሰተውም። በልጅነቷ የሰማችው ነው፣ ተሳስታ ይሆናል፣ አለ ለራሱ። አንድ ከሰዓት ብቻውን ሆኖ ያችን ድምፅ ወደ ዶ አወረዳት። አሁን ዜማው በሥርዓቱ ገብቶ ተቀመጠ። አምሮ ነበር። ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፈው።

ማክሰኞ ስትጫወተው መጨረሻው ላይ ጣቷ አመነታ።

«እንዲህ ነበር እንዴ?»

ያን ጊዜ «እኔ ነኝ የቀየርኩት» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባጠረ ነበር። ግን የራስሽን ቤት ዜማ ተሳስተሻል ማለት ከበደው፤ ባማረው መጨረሻም ትንሽ ኮርቶ ነበር።

«ጊታር ላይ ሲሆን እንዲህ ነው» አላት።

«አንተ ካልክ» አለች፤ ጣቷንም ወረቀቱ ባለው ብረት ላይ አሳረፈች። እምነቷ ወጋው። ሆኖም ዝም አለ።

የአርባ ዓመቱ በዓል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ሳይሆን ማክሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ቀን፣ በሩን ከፍታ ገባች። የሥራ ጋውኗን አላወለቀችም። በአንድ እጇ የተዋሰችውን ጊታር፣ በሌላው ወረቀቱን ይዛለች።

«መጨረሻውን ምን አደረጉት?»

እርስዎ አለችው። ጠጋኙ የያዘውን መሮ አስቀመጠ። አክስቲቱ ጀምራ የማትተወውን ቫርኒሽ ትታ፣ ጣሳውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

«ትናንት ለእናቴ ተጫወትኩላት» አለች ልጅቷ። «አባቴ ሳይኖር ብቻዋን ሳህን እያጠበች ነበር። ስጀምር ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንዲህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዞረች። ‹ጎበዝ ልጄ፣ ግን ይሄ አጨራረስ የኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም› አለችኝ። ከዚያ ሳህኑን ማጠብ ቀጠለች።»

«ሚ ላይ ቆሞ ሲቀር ጊዜ ስሕተት መስሎኝ...»

«ጠይቄዎት ነበር! ‹እንዲህ ነበር እንዴ› ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ቁጥር እንደማልነካ የመጀመሪያ ቀን ነው የነገርኩዎት። አንድም ሰው የሌላ ሰው ዓይን በግምት ሲያሳምር ዝም ብዬ አላይም። እርስዎ የአባቴን ቤት በግምት አሳመሩት፣ ስጠይቅዎትም ዓይኔን እያዩ ዋሹኝ።» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ድምፁ ተሳስቶ ቢሆን ግድ የለኝም። እርስዎን ማመኔ ነው የቆጨኝ።»

ጊታሩን መደርደሪያው ላይ አስተኝታ፣ ወረቀቱን ከጎኑ አስቀምጣ ወጣች። በሩን እንኳ አላጮኸችውም፤ ብታጮኸው ይሻለው ነበር።

እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ልክ ነበረች። አክስቲቱ ከጓዳ ወጥታ አየችው፤ አጠገቡ ያለውን መብራት አበራችለት።

ብዙ ከቆየ በኋላ ጊታሩን አነሣ። መጀመሪያ ያደረገው የሰረቃትን ሚ ወደ ቦታዋ መመለስ ነበር። ከዚያ እናትየው ያለችው ነገር ጆሮው ላይ መጣ። የኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም። የሷም የሱም ማለት፣ ሁለት አጨራረስ ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበው። አባት ያጥባል፤ እናት ታለቀልቃለች፤ ልጅ ከእናቷ ጎን ቆማ ታደርቃለች። ከእናቷ ጎን! ይህቺ ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ የያዘችው የእናቷን ድምፅ ነው። ዜማው ራሱ ከላይ ነበር፣ በዚያ በቀጭኑ የአባት ድምፅ ውስጥ። ሚ ላይ የቆመው ያልተቀመጠ እንግዳ አይደለም፤ ከላይ ሌላ ሰው ስለተቀመጠ ቦታ የለቀቀ ሰው ነው።

ከሚ ተነሥቶ በጣቱ ቆጠረ። ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ስድስት ደረጃ። ከሚ ስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ ቤት አለ። የልጅቷን ድምፅ አንድ ክር ላይ፣ ስድስት ደረጃ ከፍ ያለውን ደግሞ ቀጭኑ ክር ላይ ይዞ ሁለቱን አንድ ላይ ነካቸው። ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን። እንዲህ እያለ መጨረሻው ደረሰ።

«ይሄ ደግሞ ምን አዲስ ዜማ ነው?» አለች አክስቲቱ።

«ያው ነው፣ አክስቴ። እስካሁን ግማሹን ይዘን ነው።»

ሮጦ ሊነግራት ተነሣና በሩ ላይ ቆመ። አሁንም ግምት ነው። የሚያምር ግምት ነው፤ ያኛውም አምሮ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ። አዲስ ወረቀት አወጣ። እሷ የሰጠችውን ሁሉ፣ መጨረሻዋን ሚ ጨምሮ፣ በቀለም ጻፈ። ስድስት ደረጃ ከፍ ያለውን መስመር ከላይ በእርሳስ አደረገው፣ በቀላሉ እንዲጠፋ ሳስቶ።

በማግስቱ መነጽር ቤት ሄደ። ማሽኑ ያጓራል፤ የሚያንጎራጉር ግን የለም። ፊቷ መስኮቷ ላይ ሲመጣ ወረቀቱን ገፋላት።

«በቀለም ያለው የርስዎ ነው። አንድ ቁጥር አልነካሁም» አላት። እሷ እርስዎ ካለች እሱ አንቺ ሊል አልደፈረም። «በእርሳስ ያለው የኔ ግምት ነው። ዜማው ሁለት ድምፅ ይመስለኛል፤ እርስዎ የያዙት የእናትዎን ነው። የአባትዎ ከላይ ነበር። ትክክል ልሁን አልሁን አላውቅም። የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደግሞም ዋሽቼዎታለሁ፤ ሰበብ የለኝም፤ ይቅርታ።»

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። የእርሳሱን መስመር በጣቷ ተከተለችው።

«አባቴ ሲኖርበት ዜማው ከላይ የሚያበራ ነገር ነበረው» አለች ቀስ ብላ። «ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም አንድ ነገር የሚሉ ነበር የሚመስለኝ። ውስጡ ስላደግኩ ለኔ አንድ ድምፅ ነበር።»

ከዚያ ፊቷን አጠነከረች። «እሑድ በዓላቸው ነው፤ ለምሳ ይምጡ። ግምትዎን ባለቤቱን ራሱን ይጠይቁት። ከተሳሳቱም ራስዎ ይንገሩት።»

እሑድ ሁለት ጊታር ይዞ ሄደ። አክስቱም አብራው ሄደች፤ ማንም አልጠራትም፣ «ጊታሩን ያስዋብኩት እኔ ነኝ» ብላ ነው።

አባትየው እውነትም በር የሚሞላ ነው። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠቅልሏል። የጠጋኙን እጅ እንደ አውቶቡስ መሪ ጨብጦ አወዛወዘና በሹክሹክታ «እንኳን ደህና መጣህ» አለው። እናትየው እውነትም እዚህ ድረስ ናት። «ግባ ልጄ፣ አንተ ነህ ዜማችንን የጨረስክልን?» ስትለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ከምሳ በኋላ ልጅቷ አንዱን ጊታር አነሣች። ፊቷን ወደሱ አላዞረችም።

«ጋሼ» አለ እሱ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «ይሄኛውን መስመር እኔ ነኝ የገመትኩት። እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ከተሳሳትኩ እጅዎን ያንሡ፣ እዚያው ላይ እናቆማለን።»

ጀመሩ። እሷ ወፍራሞቹን ክሮች ከታች፣ የእናቷን ድምፅ ከላይ አደረገች፤ እሱ ቀጭኑ ክር ላይ ስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ ሄደ። አባትየው አልተንቀሳቀሰም። ዓይኖቹ ግን መጀመሪያ ጠበቡ፣ ከዚያ ሰፉ። እናትየው የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

ስድስተኛው ቦታ ላይ ያ ትልቅ እጅ ተነሣ።

ቆሙ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

አባትየው መዳፉን ወደ ጣሪያው ገፋ፤ ከፍ አርገው፣ ማለቱ ነው። ጠጋኙ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ገና ነው። ሌላ አንድ ከፍ አደረገ። ገና ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታውና ድምፅ የሌለው ሳቅ ሳቀ፤ ትከሻው ብቻ ይዘላል።

«እዚያ ጋ መንገዱ ላይ ኮረብታ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «ሞተሩ ሲጮህ እኔም ካልጮህኩ አልሰማም።»

«ይጮህ ነበር!» አለች እናትየው። «ከሱ ኋላ ያለችው ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው፣ በአውቶቡሱ ቢሮ ስሄድ። ጠዋት ጠዋት ይሄንን ዜማ ይጮኸዋል። ከሱ በላይ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከሥሩ ገባሁ። አንድ ቀን ሰማኝና ፌርማታውን አሳለፈኝ።»

ጠጋኙ የእርሳሱን ቁጥር አጥፍቶ አባትየው ያሳየውን ጻፈ። ሰውየው እርሳሱን ተቀብሎ፣ ከጎኑ በትልልቅ ፊደል «ኮረብታ» ብሎ ጨመረበት።

እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ገና ሳይደርሱ ሦስተኛ ድምፅ ገባ። እናትየው ነበረች። ዓይኗን ጨፍና፣ ባሏን ሳታይ፣ ከሥሩ ትሄድ ነበር። አባትየው አፉን ከፍቶ ከጊታሩ ጋር ያለ ድምፅ ይዘፍናል። ኮረብታው ላይ እጁን አነሣ፤ ቀጭኑ ክር አብሮት ወጣ። መጨረሻ ላይ እሱ ዶ ላይ፣ እሷ ሚ ላይ አረፉ፤ ማንም ቆሞ የቀረ አልነበረም። እናትየው ፊቷን ባሏ ሻርፕ ላይ ደፍታ አለቀሰች። አክስቲቱም አለቀሰች፤ እሷ ግን ሽንኩርቱ ነው አለች።

ሳህኑ ሊነሣ ሲል አባትየው እንደ ልማዱ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ውኃውን ከፈተ፣ ስፖንጁን አነሣ። ከዚያ ዞረና ጠጋኙን ጠቀሰው። ስፖንጁን እጁ ላይ አስቀመጠለት፣ ጀርባውን ሁለት ጊዜ መታ አደረገውና ሄዶ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ።

ጠጋኙ እጅጌውን ሰበሰበ። ልጅቷ መጥታ በእናቷ ቦታ ቆመች። እሱ ያጥባል፣ እሷ ታለቀልቃለች። ሦስት ሳህን አለፈ። በአራተኛው ላይ ማንጎራጎር ጀመረች።

መሀል ላይ አቋረጠች። «አንተስ?»

አንተ አለችው። ሳህኑ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«እኔ አልዘፍንም። ታውቂያለሽ።»

«እጅህ እርጥብ ነው። ጊታር መያዝ አትችልም። ወይስ እንደገና ግማሹን ይዤ ልቅር?»

እንደገና ጀመረች። እሱ ጉሮሮውን ጠራረገና ከላይ ገባ። ስለ ዘይት ያልነካው ማጠፊያ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። አክስቲቱ ከሳሎን «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። ልጅቷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ቀጠለች። ኮረብታው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግን ወጣው። መጨረሻ ላይ እሷ ሚ ላይ ቆመች፣ እሱ ስድስት ደረጃ ከፍ ብሎ ቤቱ ገባ። ከሳሎን አንድ ትልቅ መዳፍ ጠረጴዛ መታ።

«አልነካህም» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ቁጥሩን» አለችና፣ ሳሙና ባለው እጁ ላይ እጇን አሳረፈች።

ያ ወረቀት ዛሬ በነሱ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ተለጥፏል፤ ግማሹ ቀለም፣ ግማሹ እርሳስ፣ ስድስተኛው ቦታ ላይ «ኮረብታ» የሚል አለበት። ከራት በኋላ የሚያጥበው እሱ ነው። ድምፁ እስከ ዛሬ አልተሻሻለም፤ እሷም እስከ ዛሬ ዝም በል ብላው አታውቅም።